ክርስቲያን ስለ ነፍሱ ሽጉጥ ይታጠቅን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በመኸር ወራት፥ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ያለው ስንዴና ገብስ ታጭዶ በሚወቃበት ጊዜ፥ በአሰላ ከተማ እህል በመነገድ የሚኖር አንድ ምእመን ከሠርክ ጸሎት በኋላ ወደ እኛ ቀረበ። የመጣበት ነገር ንስሐ ሳይሆን ምክር ስለ ነበረ፥ እንድንጽፈውም ስለ ፈቀደልን፥ ስሙን ሳንጠራ ለአንባብያን ብናቀርበው ምስጢር እንዳወጣን አይቈጠርብንም። «አባታችን፥ ሽጉጥ ልገዛ አስቤአለሁ። ምን ዓይነቱን ልግዛ? እንዴትስ አድርጌ ልያዘው? በወገቤ በግልጥ ልታጠቀው ወይስ ከኮቴ በታች ልሸሽገው?» ብሎ ጠየቀን። እኛም ፈገግ ብለን፥ «ልጄ፥ ይህን የሚያውቅ ወታደር ነው እንጂ ካህን ምን ያውቃል?» ብንለው፥ «የትኛው ፈጥኖ እንደሚገድል የሚያውቁ ሰዎች ነግረውኛል፤ የትኛውን ይዤ ሥጋ ወደሙ መቀበል እንደምችል የሚነግረኝ ግን አጣሁ» ብሎ መለሰልን። ከዚያ በኋላ ፈገግ አላልንም።

ይህ ሰው ፈሪ አይደለም፤ ጠብ ፈላጊም አይደለም። የእህል ገንዘብ ይዞ ወደ በቆጂና ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ይመላለሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ሳይመሽበት አይመለስም። በቤቱም ሚስቱና ልጆቹ አሉ። በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. በአርሲ ዞን በሽርካ ወረዳ ምእመናን በታጣቂዎች እጅ በተገደሉ ጊዜ፥ ለቅሶ ደርሶ የተመለሰ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «እመን እንጂ አትፍራ» ብሎ በአንድ ቃል ማሰናበት ለካህን ቀላል ነው። ነገር ግን በኢያሪኮ መንገድ ወንበዴዎች አቍስለው የጣሉትን ሰው አይቶ ገለል ብሎ ያለፈው ካህን እንደ ነበረ አንረሳም (ሉቃ. 10፥31)። ስለዚህ ጥያቄውን እንደ ቀረበ ተቀብለን፥ በመጀመሪያ ቅዱሳት መጻሕፍትና አባቶች ያሉትን፥ ቀጥሎም ስለ መሣሪያው ዓይነትና ስለ አያያዙ ሊታሰብ የሚገባውን እንመረምራለን።

መጻሕፍትን ስንመረምር ሁለት ወገን የሚመስል ነገር እናገኛለን። በኦሪት ሌባ ቤት ሲሰረስር ተገኝቶ ተመትቶ ቢሞት የመታው ሰው የደም ዕዳ እንደሌለበት ተደንግጓል፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቢሆን ግን ዕዳ አለበት (ዘጸ. 22፥2-3)። ይህ ድንጋጌ አጭር ቢሆንም ጥልቅ ነው። በጨለማ የመጣው ምን ይዞ እንደ መጣ፥ ገንዘብ ይሻ ወይም ነፍስ ይሻ አይታወቅም፤ በብርሃን ግን ይታያል፤ ጎረቤት ይጠራል፤ ሌባው ሌባ ብቻ መሆኑ ይለያል። እንግዲህ ኦሪት እንኳ ለባለቤቱ የሰጠችው የመግደልን ሥልጣን ሳይሆን ላለማየቱ ይቅርታን ነው። ነህምያም የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ፥ ሠራተኞቹ በአንድ እጃቸው እየሠሩ በአንድ እጃቸው መሣሪያ ይይዙ ነበር (ነህ. 4፥17-18)፤ ነገር ግን ጥበቃው በሹም ሥርዐት የተደረገ የማኅበር ጥበቃ ነበር እንጂ እያንዳንዱ ለራሱ ያሰበው አልነበረም።

በሐዲስ ኪዳን ደግሞ ጌታችን በሕማሙ ዋዜማ ሰይፍ የሌለው ልብሱን ሽጦ እንዲገዛ ለደቀ መዛሙርቱ የተናገረውን ብዙዎች ለትጥቅ ማስረጃ አድርገው ያነሣሉ (ሉቃ. 22፥36)። ምዕራፉን እስከ ፍጻሜው የሚያነብ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። ደቀ መዛሙርቱ ሁለት ሰይፍ እንዳላቸው ሲነግሩት ይበቃል አላቸው፤ በዚያችው ሌሊት አንዱ ሰይፍ ከአፎቱ ወጥቶ የሊቀ ካህናቱን ባሪያ ጆሮ በቈረጠ ጊዜ ግን ከልክሎ፥ የተቈረጠውን ጆሮ ዳስሶ ፈወሰው (ሉቃ. 22፥38፣ 49-51)። ሰይፍ የሚያነሡ በሰይፍ እንደሚጠፉም ያን ጊዜ ለጴጥሮስ ነገረው (ማቴ. 26፥52)። ለዐሥራ ሁለት ሰዎች ሁለት ሰይፍ በቂ ከሆነ፥ የተነገረው ስለ ውጊያ እንዳልሆነ ግልጥ ነው። ይልቁንም ይህን ልብ እንበል፤ ጴጥሮስ ሰይፉን የመዘዘው ለሚወደው መምህሩ ነው፤ ከእርሱ የሚበልጥ ምክንያት ያለው ሰው ከቶ የለም፤ እርሱ ግን የመታው የተላከውን ባሪያ ነበር እንጂ የላከውን አልነበረም። መሣሪያ በያዘ እጅ ላይ ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ይደርሳል፤ የሚገኘው ከፊት የቆመው ነው፤ ጥፋተኛው ግን በሌላ ስፍራ አለ።

ቅዱሳን አባቶችም ይህን ጉዳይ ሳይመረምሩ አላለፉም። ቅዱስ አትናቴዎስ ለመነኰሱ ለአሞን በጻፈው መልእክት፥ ሰው መግደል የተከለከለ ሆኖ ሳለ በጦርነት ጠላትን መግደል በሕግ የተፈቀደና የሚመሰገን መሆኑን ይናገራል። በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ ለአምፊሎክዮስ በጻፋቸው ቀኖናት ደግሞ፥ አባቶች በጦርነት መግደልን ከነፍሰ ገዳይነት እንዳልቈጠሩት ካስታወሰ በኋላ፥ እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ሦስት ዓመት ከቍርባን ብቻ ቢከለከሉ መልካም እንደ ሆነ ይመክራል። ወንበዴዎችን ሊገጥሙ የሚወጡትንም ምእመናን ከሆኑ ከቍርባን እንዲከለከሉ፥ ካህናት ከሆኑ ከመዓርጋቸው እንዲሻሩ ያዛል።

ሁለቱ አባቶች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ መስሎ ሊታየን ይችላል፤ አይቃረኑም። አንዱ ስለ ሕጉ ሲናገር ሌላው ስለ ቍስሉ ይናገራል። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመቱ አባቶቻችን ታቦት አጅበው፥ በንጉሥ አዋጅ፥ ስለ አገርና ስለ ሃይማኖት ወጡ፤ ማንም በኃጢአተኝነት አይከሳቸውም። ቢሆንም የሰውን ደም ያየ ዐይንና ያፈሰሰ እጅ ፈውስ ያስፈልገዋል። ንጉሡ ዳዊት በእግዚአብሔር ትእዛዝ ተዋግቶ ሳለ፥ ብዙ ደም ስላፈሰሰ ቤተ መቅደሱን እንዳይሠራ የተነገረው ስለዚህ ነው (1ዜና 22፥8)። ቀኖና የተሰጠው ለበቀል ሳይሆን ለመድኃኒት ነውና፥ በግድ ደም ያፈሰሰውን ሰው ቤተ ክርስቲያን እንደ ወንጀለኛ አታባርረውም፤ እንደ ጤነኛም አትሸኘውም።

የአገራችን ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78፥ ሰው በራሱ ወይም በሌላው ላይ የመጣውን ወይም ሊደርስ የተቃረበውን ከሕግ ውጭ የሆነ ጥቃት ለመከላከል ያደረገው ሥራ እንደማያስቀጣ ይደነግጋል፤ ይኸውም ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስወገድ ያልተቻለ እንደ ሆነና መከላከሉ ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ እንደ ሆነ ነው። ከመጠን ያለፈውን ደግሞ በአንቀጽ 79 ለብቻ ያየዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 ደግሞ መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ሥር አድርጎታል። ስለዚህ በኮንትሮባንድ የገባውን ሽጉጥ በሥውር ገዝቶ «ለመከላከያ ነው» የሚል ክርስቲያን፥ ጥበቃውን በሐሰት ይጀምራል። ሹም ሰይፍን በከንቱ አይታጠቅም ያለው ሐዋርያ (ሮሜ 13፥4)፥ የሹምን ሰይፍ ሁሉም ተካፍሎ ይታጠቀው አላለም።

እስከዚህ የተናገርነው ነገር ለነጋዴው ምእመን ግማሽ መልስ ነው። በጨለማ፥ ሌላ መንገድ ሳይኖረው፥ ልጁን ለማዳን የመታ ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ እንደማይቈጠር፥ ነገር ግን እያለቀሰ ወደ ንስሐ አባቱ እንደሚመጣ ነገርነው። እርሱ ግን የጠየቀን ስለ መሣሪያው ነበርና ወደዚያው እንመለስ።

የሽጉጥ ነገር የሚያውቁ ሰዎች እንደሚያስረዱት፥ ሽጉጥ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ሪቮልቨር የሚባለው፥ አምስት ወይም ስድስት ጥይት በሚዞር ክብ ውስጥ የሚይዘው ነው። ሁለተኛው በእጀታው ውስጥ በሚገባ ካዝና ጥይቱን የሚይዘውና አንዱ ከተተኰሰ በኋላ ሌላውን ራሱ የሚያጐርሰው ነው፤ በአገራችን በጣም የታወቀው ማካሮቭ ከዚህ ወገን ሆኖ በካዝናው ስምንት ጥይት ይይዛል። ሪቮልቨሩ ቀላል ሥራ አለው፤ ብዙ ጊዜ ቃታው ረጅምና ከባድ ነው፤ ስለዚህ ሳያስቡት አይተኵስም። ሁለተኛው ቀጠን ያለና ለመሸሸግ የሚመች ነው፤ ነገር ግን የሚያታልል ጠባይ አለው። ካዝናው ሲወጣ ባዶ የሆነ ይመስላል፤ አስቀድሞ የጐረሰው አንድ ጥይት ግን በውስጡ ይቀራል። «ባዶ ነው» በተባለ ሽጉጥ ወንድሙን የገደለ ሰው በየአገሩ የሚሰማው ከዚህ የተነሣ ነው።

አያያዙም እንዲሁ ልዩ ልዩ ነው። በወገብ ላይ በግልጥ የሚታጠቀው ሰው ፈጥኖ ይመዘዋል፤ ነገር ግን በገበያ ግርግር ከኋላው የሚመጣ ሰው ሊነጥቀው ይችላል፤ የሚያየው ሁሉም ወይ ይፈራዋል ወይ ይፈታተነዋል። ከኮት ወይም ከጋቢ በታች የሚሸሽገው ሰው አያስፈራም፤ ነገር ግን በእኛ ደጋ ብርድ ጋቢና ካፖርት ደራርቦ ለሚሄድ ሰው፥ እጁ ከልብሱ ሳይላቀቅ አደጋው ያልፋል። አፎት ሳያበጅለት በኪሱ የሚከተው ሰው ቃታው በቍልፍና በጨርቅ ተይዞ ራሱን ያቈስላል። በቦርሳ የሚይዘው ሰው በረሳው ስፍራ ሁሉ ይተወዋል። በትራስ ሥር የሚያኖረው ሰው ደግሞ ከእንቅልፉ ሳይነቃ እጁ ይነቃል።

እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ስናያቸው በሁሉም ውስጥ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ከሐሳብ እስከ ጥይት ያለው ርቀት ምን ያህል ይሁን? የሚለው ነው። ሽጉጡ ሳይጐርስ፥ ተቈልፎ፥ ከአፎት ገብቶ፥ ከልብስ በታች ሲሆን ርቀቱ ይረዝማል። ጐርሶና ተቀባብሎ ከእጅ ሥር ሲሆን ርቀቱ ያጥራል። ወንበዴን ለመከላከል የሚመክሩ ሰዎች ይህ ርቀት ይጠር ይላሉ፤ አጥቂ አይጠብቅምና እውነታቸውን ነው። ነገር ግን በዚያው ርቀት ውስጥ የሚያልፈው ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ቁጣም፥ ስካርም፥ ቅናትም፥ ተስፋ መቍረጥም በዚያው መንገድ ያልፋሉ። ለወንበዴ የተጠረገች መንገድ ለሰይጣንም የተጠረገች ናት።

ጌታችን በተራራ ስብከቱ ስለ መግደል የተነገረውን ሕግ ወደ ቁጣ ያደረሰው (ማቴ. 5፥21-22)፥ ከቁጣ እስከ ግድያ ያለውን መንገድ ስለሚያውቅ ነው። ቀድሞ በዚያ መንገድ ላይ ብዙ ማረፊያ ነበረ። ሰው ተቈጥቶ ጦሩን ከማገሩ እስኪያወርድ፥ ደጅ እስኪወጣ፥ ሰው እስኪይዘው፥ ሽማግሌ «በሕግ አምላክ» እስኪለው ድረስ ልቡ ይመለስ ነበር። ዳዊት እንኳ በናባል ላይ ሰይፉን ታጥቆ በወጣ ጊዜ፥ አቢግያ በመንገድ ደርሳ ከደም ያዳነችው መንገድ ስለ ነበረ ነው (1ሳሙ. 25)። ሽጉጥ ግን አቢግያ የምትደርስበትን መንገድ ያጠፋል።

ከዚህም የተነሣ ሽጉጥ የሚመርጥ ሰው የሚመርጠው ብረት ብቻ አይደለም። አደጋው በመጣባት በዚያች ቅጽበት ኅሊና ለመመካከር ጊዜ የለውም፤ እጅ የሚሠራው አስቀድሞ የተዘጋጀውን ነው። እንግዲህ የኅሊና ፍርድ የሚሰጠው ቃታው በሚሳብበት ጊዜ ሳይሆን፥ ሰውየው በሰላም ተቀምጦ «ምን ዓይነቱን ልግዛ? የት ልታጠቀው? አጕርሼ ልያዘው ወይስ ሳላጐርስ?» ብሎ በሚያስብበት ጊዜ ነው። ያ ምእመን በሠርክ ወደ እኛ የመጣበት ሰዓት የፍርዱ ሰዓት ነበር። ነገሩን ለወታደር ብቻ ትተን ዝም ልንል ያልቻልነው ስለዚህ ነው።

አንዳንድ ሰው፥ «እንግዲያስ ሳይጐርስና ተቈልፎ ይያዘው፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ይጠበቃል» ይለን ይሆናል። ይህ ግን ራስን ማታለል ይሆናል። በሣጥን የተቈለፈ ሽጉጥ ከልጅም ከቁጣም ይጠብቃል፤ በመንገድ ከሚመጣ ወንበዴ ግን አይጠብቅም። ተቀባብሎ በወገብ ያለ ሽጉጥ ከወንበዴ ምናልባት ያድን ይሆናል፤ ከባለቤቱ ግን ማንንም አያድንም። ሁለቱን ጥቅም ባንድነት የሚሰጥ አያያዝ ቢፈለግ አይገኝም። ስለዚህ የሚታጠቅ ሰው አንዱን አደጋ ለማራቅ ሌላውን ወደ ቤቱ እንደሚያስገባ አውቆ ይወስን። ይህን የማይነግሩት ሻጮች ከዋጋው ግማሹን ሸሽገውበታል።

ይህም በግምት ብቻ የተነገረ አይደለም። መሣሪያ ከሁሉ አገር ይልቅ በሕዝብ እጅ በበዛበት በአሜሪካ፥ በእነርሱ አቈጣጠር በ2021 ዓመት 48 ሺህ 830 ሰዎች በጥይት ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ 26 ሺህ 328ቱ በገዛ እጃቸው የሞቱ ናቸው። በ1993 በዚያው አገር ሐኪሞች አጥንተው ያወጡት ጽሑፍ ደግሞ፥ መሣሪያ ያለበት ቤት ከሌለበት ቤት ይልቅ ሰው ተገድሎ የመገኘቱ ነገር ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ እንደ ሆነ፥ የሚበዛውም ገዳይ የቤተ ሰብ ወይም የሚታወቅ ሰው እንደ ሆነ አስረድቷል። አገራችን አሜሪካ አይደለችም፤ የሰው ልብ ግን አንድ ነው። ለሌሊት እንግዳ ተብሎ የተገዛ ሽጉጥ፥ በኀዘን ወይም በዕዳ ወይም በጠብ ሰዓት የቤቱን ሰው ያገኛል።

ኦሪት አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ሰው ወድቆ የደም በደል እንዳይሆንበት በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዛለች (ዘዳ. 22፥8)። በሬው ተዋጊ መሆኑን እያወቀ ያልጠበቀውንም ባለቤት ከበሬው ጋር ትፈርድበታለች (ዘጸ. 21፥29)። ሽጉጥም በቤት ያለ ተዋጊ በሬ ነው። ልጅ አግኝቶት ቢሞትበት፥ አባት «አላወቅሁም» ሊል አይችልም። መከታው ምንድር ነው? ጥይቱን ማውጣት፥ የጐረሰ አለመኖሩን ማየት፥ ሽጉጡን በተቈለፈ ስፍራ፥ ጥይቱን በሌላ ስፍራ ማኖር ነው። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው፥ መከታ የሌለው ሰገነት ላይ ልጆቹን የሚያስተኛ ሰው ነውና ባይገዛ ይሻለዋል። እንደዚሁም ጠጅና አረቄ የሚጠጣ ሰው፥ በቶሎ የሚቈጣ ሰው፥ ከሰው ጋር የቈየ ቂም ያለው ሰው፥ ሐሳቡ በኀዘን የታወከ ሰው ሽጉጥ አይያዝ። ለሠርግና ለበዓል ደስታ ወደ ሰማይ የሚተኵስም፥ ጥይቱ በሰማይ እንደማይቀር ይወቅ። ወደ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያንም ታጥቆ አይግባ፤ በሩን ደጀ ሰላም ብለን የምንጠራው በከንቱ አይደለምና።

ስለ ጎረቤትም ልናስብ ይገባል። በአርሲ ደጋ የምንኖር ክርስቲያኖች ከሙስሊም ወንድሞቻችን ጋር አንድ ገበያ እንገበያያለን፤ ለቅሶም ሠርግም እንደራረሳለን። ይህች ምድር በ1870ዎቹ ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ጦርና ጋሻ ከጠመንጃ ፊት ምን እንደ ሆነ አይታለች፤ ትዝታውም እስከ ዛሬ ከሽማግሌዎች ወደ ልጆች ሲተላለፍ ይኖራል። በእንዲህ ያለ ስፍራ በወገብ ላይ የሚታይ ሽጉጥ ዝም ብሎ የሚኖር ዕቃ አይደለም፤ ይናገራል። ባለቤቱ «እፈራለሁ» ለማለት ታጥቆት ሊሆን ይችላል፤ የሚያየው ጎረቤት ግን «አስፈራሃለሁ» ሲል ይሰማዋል። እርሱም በተራው ይገዛል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለቱም ታጥቀው፥ ሁለቱም ከቀድሞው ይልቅ ፈርተው ይገኛሉ።

በዚሁ አገር ከአርሲ ኦሮሞ ወንድሞቻችን ልማድ አንድ ትምህርት እናገኛለን። ያገባች ሴት በሠርግዋ ጊዜ ከእናትዋ የምትቀበላት ሲንቄ የምትባል በትር አለቻት። ሁለት ወገኖች ሊጋደሉ በተነሡ ጊዜ እናቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ከቆሙ፥ ያንን አልፎ መማታት ታላቅ ነውር ነውና ጠቡ ይቆማል፤ ሽማግሌዎችም ወደ ዕርቁ ይገባሉ። ቀጭን በትር ናት፤ ስለት የላትም፤ የምታቆመው ሁሉም ስለሚያከብራት ነው። የሽጉጥ ኃይል የማንንም አክብሮት አይጠይቅም፤ ስለዚህም አክብሮትን አያስተምርም። ሲንቄን ማክበር የቀረበት አገር ሽጉጥ ቢበዛለት የሚጠበቅ አይመስለንም።

ራሱን መከላከል የሚችል ሰው ያለ ደም ሊከላከል እንደሚችልም ስንክሳራችን ያሳየናል። ሰኔ 24 ቀን የምናስበው ሙሴ ጸሊም ከመመንኰሱ በፊት የወንበዴዎች አለቃ ነበር፤ የክንዱ ኃይል የታወቀ ነበር። በበዓቱ ሳለ አራት ሌቦች በመጡበት ጊዜ፥ አራቱንም ይዞ አስሮ እንደ ገለባ ከረጢት በጀርባው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን አመጣቸውና፥ ማንንም ልጎዳ አልተፈቀደልኝምና በእነዚህ ምን ላድርግ? ብሎ ወንድሞችን ጠየቀ። ሌቦቹም ማን እንደ ሆነ ባወቁ ጊዜ ንስሐ ገብተው መነኰሱ። በፍጻሜውም በርበሮች ገዳሙን በወረሩ ጊዜ ወንድሞችን እንዲሸሹ ነግሮ፥ እርሱ ግን ቀድሞ ሰይፍ አንሥቶ ነበርና የጌታ ቃል በእርሱ እንዲፈጸም ወድዶ፥ አብረውት ከቀሩት ጋር በሰማዕትነት ዐረፈ። በዚህ ታሪክ ሦስት ነገር አለ፤ ሌባን መያዝ አለ፤ መሸሽም አለ፤ መሞትም አለ። መግደል ግን የለም። ለሸሹት ወንድሞችም ነቀፌታ አልተጻፈባቸውም። መሸሽ ነውር ነው የሚለው ሕግ የፉከራ ሕግ እንጂ የወንጌል ሕግ አይደለም፤ ጌታችን ራሱ በሕፃንነቱ ከሄሮድስ ፊት ወደ ግብፅ ተሰዷል።

ለካህናት ወንድሞቻችን የምንናገረው አጭር ነው። ታቦት የሚሸከም ትከሻና ሥጋ ወደሙ የሚያቀብል እጅ ሽጉጥ አይይዝም። በሐዋርያት ቀኖና በደለኛውን እንኳ በእጁ የሚመታ ካህን እንዲሻር ታዝዟል፤ የሚገድለውማ እንዴት ይሆናል? አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከፋሺስት ጠመንጃ ፊት የቆሙት መስቀላቸውን ይዘው ነው። ካህን ቢታጠቅ ምእመኑ ከእርሱ የባሰ ይታጠቃል፤ በመካከል የሚገባም አይቀርም። ለምእመናን የሚሰጠውም ምክር እንደየሰውየው ጠባይ ይሁን እንጂ ለሁሉ አንድ ቃል አይሁን። ደም ያፈሰሰውንም ፈጥኖ «አይዞህ፥ ልክ ነህ» ብሎ አይሸኘው፤ ፈጥኖም አያባርረው፤ አብሮት ይቀመጥ።

እንግዲህ ለጠየቀን ምእመን የመለስነውን በአጭሩ እናስፍር። አስቀድመህ አደጋውን መርምር፤ የምትፈራው ለገንዘብህ ከሆነ ገንዘቡን በባንክ አስተላልፍ እንጂ በእጅህ አትያዝ፤ ለመንገዱ ከሆነ ከባልንጀሮችህ ጋር በቀን ሂድ፤ ለቤትህ ከሆነ በርህን አጥብቅ፥ መብራት አብራ፥ ከጎረቤቶችህ ጋር ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ሆነህ በሕግ የታወቀ የሮንድ ጥበቃ አቁም። ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም የሚቀር እውነተኛ አደጋ ካለ፥ ሕጉም ከፈቀደልህ፥ ራስህን መርምረህ ከዘረዘርናቸው ነውሮች ንጹሕ ከሆንህ፥ ከሚያውቅ ሰው ተምረህ፥ ሚስትህን አማክረህ ብትይዝ አናወግዝህም። ነገር ግን ስትገዛ ቃታው ከባድ የሆነውን ግዛ፤ ስትይዝ ከሰው ዐይን ሰውረህ ቃታውን በሸፈነ አፎት ያዝ፤ ጐርሶ አይኑር፤ ጥቂት ብትዘገይ ይሻላል። ለዘገየኸው ጊዜ ዋጋ ልትከፍል እንደምትችል እናውቃለን፤ ይህንም አልሸሸግንህም። ምንጊዜም ለንብረት ብለህ አትምዘዘው፤ ስንዴ በየዓመቱ ይበቅላል፤ ሰው ግን አይበቅልም።

ምእመኑ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ኋላም፥ «አባታችን፥ ቤቴ ገብተው ልጄን ቢይዙትስ?» አለን። «ልጅህን አድን፤ ከዚያም በኋላ ወደ እኛ ና፤ አብረን እናለቅሳለን» አልነው። ጥቂት አሰበና ገንዘቡን ከእንግዲህ በባንክ እንደሚልክ፥ ወደ በቆጂም ከሁለት ነጋዴዎች ጋር እንደሚሄድ ነገረን፤ ስለ ቤቱ ግን ገና አልወሰነም። እኛም አላስጨነቅነውም። በሰላም ሰዓት ቈይቶ ማሰብ የቻለ ሰው፥ በመከራ ሰዓት ሊጸጸት የሚችልበትን ነገር አስቀድሞ እያየ ነውና።

እግዚአብሔር የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ ሐዘንተኞችን ያጽናና፤ ለአርሲ ምድርና ለመላዋ ኢትዮጵያ ሰላሙን ይስጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።